አንዴ ተጠይቆ የተጻፈ እቅድ

አቶ ወንዳወቅ እቅድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰው ጠላ ይወዳል፣ ሰው ጨዋታ ይወዳል፤ እሳቸው የሚወዱት እቅድ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታቸው ሲሠራ አናጢው ምሰሶ ሳያቆም የመጋረጃው ቀለም ተቆርጦ ነበር ይባላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አደይ «የኔ ሰውየ ጉንፋን የሚይዘውም በእቅድ ነው» እያሉ ጎረቤት ያስቁባቸዋል። እሳቸው አይቆጡም። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢያቅድ ኖሮ የዚህ አገር ችግር ግማሹ አይኖርም ነበር ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ሲናገሩ ለሰማቸው አንዳንዴ እውነታቸውን ነው ያሰኛሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እግዜር ይጠብቀን ያሰኛሉ።

በወጣትነታቸው የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ኋላ ቡሬ ላይ የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን ሲያቋቁሙ የእቅድ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተሳፍረው፣ ማንኩሳን አልፈው ቡሬ ይወርዳሉ፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። የዩኒየኑ ዋና ሥራ ሁለት ነው። በክረምት መግቢያ ለአባላቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያድላል፤ በበጋ ደግሞ በቆሏቸውን ተረክቦ ለትልልቅ ገዢዎች ይሸጥላቸዋል። ሁለቱም ደግ ሥራ ነው። ሁለቱም ግን አንድ በሽታ ነበረባቸው፤ ሰልፍ።

ጥር ላይ የቡሬውን መጋዘን ያየ ሰው አይረሳውም። ሰልፉ ከበሩ ይነሣና አጥሩን ታክኮ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ጋሪው እዚያው ተፈትቶ፣ አህያው እዚያው ገለባ ተሰጥቶት፣ ገበሬው ጆንያው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ተራው ሲደርስ እህሉ ይመዘናል፣ ርጥበቱ ይለካል፣ ከዚያ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። በአንዱ ጠረጴዛ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል ይባላል፤ በሌላው ከገጠሩ መጋዘን የተላከው ወረቀት ገና አልደረሰም ይባላል። ነጋዴው ደግሞ ይህን ያውቃል። ከሰልፉ ጎን ለጎን ቀስ እያለ ይመጣና «ምን ያንገላታዎታል አባቴ? እኔ እዚሁ ልመዝንልዎት» ይላል። ብርድ የመታው ገበሬ ምን ያድርግ? አህያውን ከሰልፉ አዙሮ ይከተለዋል።

በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የቦርዱ ሰብሳቢ አያ ቢሆነኝ ተነሡ። አያ ቢሆነኝ ገበሬ ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ስለዚህም ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚሰማቸው።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው፣ «ዘንድሮ በሰልፍ አልቀናል። ለከርሞም እንዲሁ ከሆነ ሰው ምርቱን ለነጋዴ ነው የሚያዞር። አባሉ ምርቱን ካላመጣ ዩኒየን የሚባለው ነገር ታፔላው ብቻ ነው የሚቀር። እንግዲህ እወቁበት።»

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ንግሥቴ በማግስቱ አቶ ወንዳወቅን ጠሩና ሥራው በኮምፒውተር እንዲሆን፣ እቅዱም ሰኔ ሳያልቅ እንዲጸድቅ ነገሯቸው። «ጋሽ ወንዳወቅ፣ ይኸ ነገር ከተበላሸ ዩኒየኑም አብሮ ነው የሚበላሽ። አደራ» አሏቸው። አቶ ወንዳወቅ ጡረታቸው ተቃርቧል። የዕድሜያቸው ትልቁ እቅድ ይህ እንደሚሆን ገብቷቸዋል፤ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣባቸው።

ሥልጠና ተላኩ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀልጣፋ ሰው ነበር። «ሲስተም በማሽን ላይ አይታቀድም፣ በሰው ላይ ነው የሚታቀደው» አላቸው። «መጀመሪያ ሠራተኞቻችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ በቴክኖሎጂ ምን መሥራት እንደሚችሉ እወቁ። እነሱ የሚችሉት ነገር ነው ሲስተማችሁን የሚቀርጸው። ስትጠይቁ ግን አትጎትጉቱ። አንዴ ጠይቁ፣ የተመለሰላችሁን እንዳለ ያዙ።» አቶ ወንዳወቅ ይህን ነገር በጣም ወደዱት። ሲመለሱም ፋታ ሳይወስዱ መጠየቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የገቡት ሪሃና ዘንድ ነው። ሪሃና የቡሬው መጋዘን መዝጋቢ ናት፤ ቡሬ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ የአቶ በድሩ ልጅ፣ ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረች። አቶ ወንዳወቅ ሲገቡ ብድግ አለች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ኮምፒውተር ላይ መሥራት ትችያለሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ነው!»

«ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ መደመር፣ ማጠቃለል?»

«እንደው መነካካት ነው እንጅ ማወቅስ አይባልም፣ ወላሂ።»

አቶ ወንዳወቅ አመስግነው ወጡ። ቀጥለው የጠየቁት እንዳለው የሚባለውን ወጣት ነው። እንዳለው ከማንኩሳ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ያለውን የገጠር መጋዘን የሚይዝ ልጅ ነው፤ ያን ዕለት ለሪፖርት ቡሬ መጥቶ ኮሪደር ላይ አገኙት። ስልክ መጠቀም እንዴት ነህ አሉት። «በቅጡም አልይዘው ጋሼ» አለ መሬት መሬት እያየ። ይህን ሲል ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ መልእክት በመልእክት ላይ እየገባለት ይንጫጫ ነበር። አቶ ወንዳወቅ ሰምተውታል። መልሱ ግን መልስ ነው፤ እንዳለ ያዙት።

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ከወዲሁ ጉዱ ይታየዋል። ታላቅ ሰው ፊት ቆሞ «አዎ፣ አውቃለሁ» አይባልም። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ «ኧረ እኔ ምኑን» ይላል፤ ሲደገምለት «ከእኔ የሚሻል አለ» ይላል፤ ሲሰለስለት ያኔ እጁን ሰብስቦ ይነሣና ሥራውን ይሠራል። የሚያውቀው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አቶ ወንዳወቅ ራሳቸው የእቅድ ክፍሉን ያዙ የተባሉ ጊዜ «እኔ ለዚህ አልበቃም፣ ሌላ ሰው ይፈለግ» ብለው ተለምነዋል፤ እውነት ሌላ ሰው ተፈልጎ ቢሆን ዕድሜ ልካቸውን ያኮርፉ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቁ፣ በሥልጠና የሰሙት ነገር ልባቸውን ወስዶት፣ ልጆቹን አንዴ ብቻ ጠይቀው አለፉ። እንግዳ «በልቻለሁ» ስላላቸው ገበታውን አንሥተው እንደ መሄድ ነው።

«ወጣቶቻችን በቴክኖሎጂ ያላቸው ችሎታ አነስተኛ ነው» ብለው ጻፉ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ እቅዱን በሙሉ ገነቡ። ችሎታ ያለው ሰው ከሌለ፣ ሥራው ሁሉ አንድ ቦታ መሰብሰብ አለበት፤ ስለዚህ ቡሬ ላይ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ይተከላል። የሚሠራበት ሰው ከሌለ ከውጭ መቅጠር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች ይመጣሉ። የገጠር መጋዘኖች ወረቀት ሞልተው ወደ ቡሬ ከመላክ በቀር ሌላ ሥራ አይኖራቸውም። ወረቀቱ እንዳይሳሳት ደግሞ እያንዳንዱ ገበሬ ራሱ ቡሬ መጥቶ፣ ስሙ ሲገባ አይቶ ይፈርማል። ሪሃና ወደ ማኅደር ክፍል ትዛወራለች፤ የእንዳለው የሥራ መደብ ይታጠፋል።

እቅዱ ሲቀርብ ቦርዱ ወደደው። ወፍራም ነው፣ በፕላስቲክ ተጠርዟል፣ በየገጹ ሣጥንና ቀስት አለው። አያ ቢሆነኝ እያገላበጡ «ቀስቱስ ብዙ ነው» ብለው አደነቁ። ለሠራተኛውም ተነበበ። አቶ ወንዳወቅ በመጨረሻ «አስተያየት ያለው?» አሉ፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ። ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው ብለው ስብሰባውን ዘጉ። አቅራቢው ድርጅትም ተመረጠ። ውሉ በሰኔ መጨረሻ ሊፈረም ቀን ተቆረጠለት።

ሰኔ ገባ። የማዳበሪያ እደላው ተጀምሯል፤ የቡሬው በር እንደልማዱ በሰው ተጨናንቋል። አቶ ወንዳወቅ የገጠሩ ወረቀት የሚቀመጥበትን ክፍል በዓይናቸው ለማየት ብለው ወደ እንዳለው መጋዘን ተነሡ። ማንኩሳ ላይ የባጃጁ ሾፌር ጭቃውን አይቶ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አላቸው። ጥቂት በጋሪ ሄዱ፣ የቀረውን ሱሪያቸውን ጠቅልለው በእግራቸው ተያያዙት። መንገዱን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ሰልፉ ነበር፤ እዚህ ገጠር ደግሞ ምን ያህል ይብስ ይሆን?

ሲደርሱ ሰልፍ የለም። አንዲት ሴት ማዳበሪያዋን አህያ ላይ እያስጫነች ነው፤ ሌሎች ጥቂት ሰዎች ከጥላው ሥር ቁጭ ብለው ይጫወታሉ።

«እመት፣ መጋዘኑ ተዘጋ እንዴ?» አሏት።

«ኧረግ፣ ለምን ይዘጋል? ይኸው ወስጄ መሄዴ ነው።»

«ሰዉስ የት ሄደ?»

«ሰውማ በተራው ይመጣል። የእኛ ጎጥ ዛሬ ረፋድ ነው የተባለ፤ የላይኛው ጎጥ ከሰዓት ነው። ምን ብለን ዝናብ ይምታን?»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«እንዳለው ነዋ! ለወንድሜ ልጅ በስልክ ይልክለታል፣ እሱ ዞሮ ለሁላችን ይናገራል።»

እንዳለው ከውስጥ ወጣ። አቶ ወንዳወቅን ሲያይ በእጁ የያዘውን ስልክ ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ።

«አውጣው» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«በቅጡ አልይዘውም ያልኸኝን ስልክ።»

ልጁ አወጣው። እየተሸማቀቀ አሳያቸው። በየጎጡ ስልክ ያለው አንድ ወጣት መርጧል፤ ማታ ማታ የነገው ተራ የማን እንደሆነ ለእነሱ መልእክት ይልካል። ስልኩ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፈው። ቀን የወሰደውን ሰው ስምና የወሰደውን መጠን ደግሞ እዚያው በዚያው ለሪሃና ይልክላታል። ሪሃና ቡሬ ላይ ደብዳቤ ብቻ ይተየብበታል በሚባለው አሮጌ ኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዘጋጅታለች፤ የመጣላትን ታስገባለች፣ ኮምፒውተሩ ይደምራል፣ ማን እንደወሰደ ማን እንደቀረ ያሳያል። ባለፈው ጥርም በቆሎውን የተረከቡት እንዲሁ ነበር። ወረቀቱ ለደንቡ ያህል ከኋላ ይከተላል። ይህን ከጀመሩ ወዲህ የዚህ ቀበሌ ገበሬ ቡሬ በር ላይ አድሮ አያውቅም።

«ታዲያ የቡሬው ሰልፍስ?» አሉ አቶ ወንዳወቅ።

«እነዚያ ወረቀታቸው እስኪደርስ የሚጠብቁ የሌሎቹ መጋዘኖች ሰዎች ናቸው ጋሼ። እኛ ያለፈቃድ የጀመርነው ስለሆነ፣ ሰፍቶ እንዳይሰማብን ፈርተን ነው ያላሳየናቸው።»

የአቶ ወንዳወቅ ፊት ቀላ። «መጥቼ ጠይቄህ አልነበረም ወይ? ሥራህ ሊታጠፍ እንደሆነ ተነቦልህ የለም ወይ? እንዴት አፍህን ትዘጋለህ!»

«ጠየቁኝ ጋሼ፣ መለስሁ። እርስዎ ፊት ቆሜ ‹አዎ፣ አውቃለሁ› ልበል? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል? እቅዱንስ ቢሆን፣ እርስዎ የጻፉትን እኔ ምን ብዬ ነው የምቃወም?»

አቶ ወንዳወቅ ሊቆጡ አሰቡና ተዉት። ልጁ ያለው ሁሉ እሳቸው ለገዛ ልጆቻቸው ያስተማሩት ነው። ቁጣው ከላያቸው ወርዶ በምትኩ እፍረት መጣባቸው። ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ያች የጻፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ታየቻቸው፤ በእሷ ላይ የቆመው ያ ሁሉ ሣጥንና ቀስትም ታያቸው። ውሉ ከተፈረመ የዚህ ሰልፍ የሌለው መጋዘን አሠራር ይፈርሳል፤ ቡሬ አድሮ የማያውቀው ገበሬም ለፊርማ ሲል ቡሬ ያድራል። ሰልፍ እንዲቀር ተብሎ የታቀደው እቅድ ሰልፉን ሊያስረዝመው ነው። ደግሞም የእሳቸው እቅድ ነው።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን አሳየህ?» አሉት።

እንዳለው ቀና አለ። ፊቱ በራ። «ሪሃና ናት እንጅ! እሷን የመሰለ ሰው የት ይገኛል ጋሼ? ሠንጠረዡ አንድ ስም ሁለቴ ሲገባ ቀይ እንዲሆን ያደረገች እሷ ናት። ያለቀውን ማዳበሪያ ከማለቁ በፊት ነው የምትነግረኝ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሞተ ተብሎ ሊጣል ነበር፤ ፈታታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ አስነሣችው።» ይህን ሲናገር ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው። ስለራሱ ሲጠየቅ ዲዳ የሆነው ልጅ ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ ማን ይያዘው!

አቶ ወንዳወቅ ይህን ልብ አሉ። በማግስቱ ቡሬ እንደገቡ ሪሃና ዘንድ ሄዱና ስለ እሷ አንድም ነገር ሳያነሡ «ያ እንዳለው የሚባለው ልጅ ምን ይችላል?» አሉ። ሪሃና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዳለው? ጋሼ፣ እሱ ባይኖር እኔ ምን ልሠራ ነበር? ኔትወርክ በጠፋ ቀን ጉብታው ላይ ወጥቶ ነው የሚልክልኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው ቤት ደውሎ ነው የሚነግር። የትኛው ገበሬ በየትኛው ቀን ጽዋ እንዳለበት ሁሉ ያውቃል፤ ተራውን በዚያ ቀን አያደርግበትም።» ይኸ በመጨረሻ የተናገረችው ነገር የአቶ ወንዳወቅን ልብ ነካው። በዚያ በተጠረዘ ወፍራም እቅድ ውስጥ ገበሬ ጽዋ እንዳለበት አንድም ቀስት አያሳይም ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ቁጭ አሉ። ወይዘሮ አደይ ትክ ብለው አዩአቸው።

«እቅዱን ልመልሰው ነው» አሉ አቶ ወንዳወቅ።

«የትኛውን? ያን ባለቀስቱን?»

«ጸድቋል እኮ። ተጨብጭቦለታል። አሁን ተነሥቼ ተሳስቻለሁ ብል፣ በጡረታዬ ዋዜማ ስሜ ይጠፋል አደይ።»

«ጥር ላይ ሰው በሰልፍ ሲያልቅስ የማን ስም ነው የሚነሣ?» አሉ ወይዘሮ አደይ። «ብላ እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል።»

ቦርዱ ለውሉ ጉዳይ ሲሰበሰብ አቶ ወንዳወቅ ሪሃናንና እንዳለውን ይዘው ገቡ። ልጆቹ እንደልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆሙ። አቶ ወንዳወቅ ተነሡ።

«እቅዱን መልሱልኝ» አሉ። «ውሉ እንዲህ ሆኖ አይፈረም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ንግሥቴ ደንግጠው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አያ ቢሆነኝ ግን ቀስ ብለው «ምን ላይ ነው የተሳሳትኸው?» አሉ።

«ወጣቶቹ ምን እንደሚችሉ ጠይቄ ነበር የጻፍሁት። አንዴ ጠይቄ፣ ‹ምን አውቃለን› ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ተመለስሁ።»

የአያ ቢሆነኝ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። «ወንዳወቅ! አንተን የሚያህል ሰው! ያገራችንን ልጅ አንዴ ጠይቀህ?» አሉ። ቦርዱ ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ወንዳወቅም ሳቁ፤ ከደረታቸው አንድ ከባድ ነገር ወረደላቸው።

«ታዲያ ምን ያውቃሉ?» አሉ ሰብሳቢው፣ ወደ በሩ እያዩ። ልጆቹ ወዲያው አቀረቀሩ።

አቶ ወንዳወቅ ፈጥነው ገቡበት። «እንዲያ አይጠየቁም አያ ቢሆነኝ። ሪሃና፣ አንቺ ስለ እንዳለው ተናገሪ። እንዳለው፣ አንተ ስለ እሷ።»

ያኔ ነው ጨዋታው የተጀመረው። ሪሃና የእንዳለውን ተናገረች፤ እንዳለው የሪሃናን። አንዱ የረሳውን ሌላው «ይኸንም እኮ ታደርጋለች» እያለ ይጨምራል። ቦርዱ ምሳውን ረሳ። ወይዘሮ ንግሥቴ ግን ሥራ አስኪያጅ ናቸውና ከባዱን ጥያቄ አመጡ። «ነገሩ ሁሉ በእናንተ ስልክና በእናንተ ጭንቅላት ላይ ነው ያለ። ነገ አዲስ አበባ ሥራ አገኘን ብላችሁ ብትሄዱብንስ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዳለው ስልኩ አንዴ ጭቃ ውስጥ ወድቆበት መላው ቀበሌ ተራውን አጥቶ እንደነበር አመነ። እዚህ ላይ አቶ ወንዳወቅ ነፍስ ዘሩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ «ቢበላሽስ? ቢቀርስ?» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የጎደለው የእሳቸው ነገር ነበር። በየመጋዘኑ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ይሠልጥን፣ የሚያሠለጥኑትም ሪሃናና እንዳለው ይሁኑ አሉ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ነገር ይኑር፤ ወረቀቱም አይጣል፣ ግን ከገበሬው ኋላ ይምጣ እንጅ ገበሬው ወረቀቱን ተከትሎ አይንከራተት አሉ።

ያን ክረምት ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከረሙ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ አቶ ወንዳወቅ ቀስት ያሰምራሉ፣ ሪሃና ትሰርዛለች። መጀመሪያ ሰሞን ለመሰረዝ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። መስከረም ላይ ይቅርታውን ተወችው፤ አቶ ወንዳወቅ ይህን ሲያዩ በልባቸው ደስ አላቸው። ትልቁ ኮምፒውተር ቀረ። አቅራቢው ድርጅት ቅር ቢለውም በየመጋዘኑ የሚቀመጡ ትንንሾቹን ለማምጣት ተስማማ፤ የእሱ ባለሙያዎችም የሪሃናን ሠንጠረዥ መነሻ አድርገው ሠሩ። ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ መጋዘን ላይ የሠለጠነው ልጅ በወሩ ሥራውን ለቀቀ፤ ሌላው ጋ ኔትወርክ የሚባል ነገር ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው የሚታይ። ሁለተኛ ሰው ስለነበረ ግን ሥራው አልቆመም።

ጥር መጣ። ርክክቡ በሚጀመርበት ቀን አቶ ወንዳወቅ የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ያዙ። በአዲሱ አሠራር ሰልፉ በግማሽ ይቀንሳል ብለው ነበር ያቀዱት፤ የቀረውን ግማሽ የሚያስተናግዱበትን ሁሉ በመንገድ ላይ ሲያሰላስሉ መጡ። ቡሬ ወርደው ወደ መጋዘኑ ሲታጠፉ እግራቸው ቀጥ አለ።

ማንም የለም። አጥሩን ታክኮ የሚቆም ጋሪ የለ፣ ገለባ የሚበላ አህያ የለ፣ ጆንያው ላይ የተኛ ሰው የለ። ዘበኛው ብቻውን የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል።

ልባቸው ወለቀ። ባዶ ግቢ በእቅዳቸው ውስጥ አልነበረም። አያ ቢሆነኝ የፈሩት ደረሰ ማለት ነው፤ አባሉ ተስፋ ቆርጦ ምርቱን ለነጋዴ አዞረው። ያን ሁሉ ዓመት የጠሉት ሰልፍ በዚያች ሰዓት ናፈቃቸው፤ ምነው አጥሩን ታክኮ በቆመ፣ ምነው እስከ አስፋልቱ በደረሰ አሉ። እንደምንም ወደ ውስጥ ገቡ።

ሪሃና ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ፊታቸውን ስታይ ደንግጣ ተነሣች፤ ወንበር ሳበችላቸው።

«ጋሼ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ሰው የለም ልጄ። አንድም ሰው አልመጣ። በተንን እኮ፣ ዩኒየኑን በተንነው።»

«ኧረ ጋሼ! ሰዓታቸው አልደረሰም እኮ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተነገራቸው። አሁን በመንገድ ላይ ናቸው።»

«እንደሚመጡ በምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» የሚለው አሮጌው ልማድ ከሪሃና አፍ ላይ እንደደረሰ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ የአቶ ወንዳወቅን ፊት አየችና ተወችው።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «በደንብ አውቃለሁ።»

አቶ ወንዳወቅ ቁጭ ብለው በሩን በሩን ማየት ያዙ። ሪሃናም ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ አጠገባቸው ቆማ አብራቸው ታይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአስፋልቱ በኩል የጋሪ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ፈረሱን እየጎተቱ፣ በቆሏቸውን እንደጫኑ በሩ ላይ ደረሱና ሰው የሌለበትን ግቢ ግራ ተጋብተው አዩት።

«ተራየ አሁን ነው ብለውኝ ነበር» አሉ። «ዘገየሁባችሁ እንዴ?»

አቶ ወንዳወቅ ዘበኛውን ሳይጠብቁ ሮጠው ሄዱ፤ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ራሳቸው ከፈቱ። «አልዘገዩም አባቴ፣ ይግቡ» አሉ፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር፣ ሊጠርጉትም አልሞከሩ።